እሁድ ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ

በዚያን ዘመን ጓደኝነትን እንኳ በሰዓት መድቤ ነበር የምኖረው። ማጋነኔ አይደለም። ኮልፌ ውስጥ ከቀበሌ በተከራየኋት አንዲት ክፍል፣ ጋዜጣ በተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ ላይ፣ በዱቄት ሙጫ ያጣበቅሁት የሳምንት ፕሮግራም ነበረኝ። ከመሥሪያ ቤት ባመጣሁት ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ አስምሬ የሠራሁት ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የማታ ትምህርት። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ የውይይት ክበብ። ሐሙስ ቀበሌ ውስጥ መሠረተ ትምህርት ማስተማር። ቅዳሜ እስከ ቀትር ሥራ፣ ከዚያ ልብስ ማጠብና ለስኳር ለሳሙና ቀበሌ ሱቅ መሰለፍ። እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ። ከሁሉም በታች በሰማያዊ ቀለም «ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ፦ ዳማ» ይላል። ዳማ ማለት ለእኔ ጓደኛዬን ማግኘት ማለት ነበር።

ጓደኛዬ አናጢ ነው። በአንድ ግድግዳ ነበር የምንለየው፤ ሲያስነጥስ ይማርህ የምለው አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። በዕድሜ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በእንጨት ሥራ ማኅበር ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ ሲሠራ ይውላል፣ እኔ ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሳወጣና ስመልስ እውላለሁ። የዳማውን ገበታ የሠራው እሱ ነበር። ጠጠሮቻችን የጠርሙስ ቆርኪዎች ናቸው፤ የእሱ በፊታቸው ይቀመጣሉ፣ የእኔ በጀርባቸው ይገለበጣሉ። ጨዋታው የትም ይድረስ፣ አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ብድግ እላለሁ። እሱ የእጅ ሰዓቴን አይቶ «ሂድ፣ አለቃህ ጠርቶሃል» ይለኛል። እስቃለሁ፣ እሄዳለሁ። ሰው ሁሉ ጊዜ የለኝም እያለ ሲያማርር እኔ ለሥራውም፣ ለትምህርቱም፣ ለወዳጁም ጊዜ ያበጀሁ ብልህ ይመስለኝ ነበር።

ፕሮግራሜን የሚያናጋው አንድ ነገር የእሁድ ጠዋቱ ስብሰባ ብቻ ነበር። በሦስት ሰዓት ይጀመራል ይባላል፣ በአራት ሰዓት ይጀመራል፣ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ የሚያውቅ የለም። መፈክር አሰምተን ከተቀመጥን በኋላ ጥሪ ይደረጋል። የሚጠራው ስም አይደለም፣ የቤት ቁጥር ነው። ጸሐፊው ቁጥሩን ያነባል፣ ባለቤቱ «አለ» ይላል። ደጋግሞ የቀረ ሰው ካርዱን ይዞ ቀበሌ ሱቅ ሲሄድ ስኳሩን ያጣል፣ መታወቂያ ለማሳደስ ሲሄድም ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይውላል። አዳራሹ ጨለም ያለ ነው፣ ሰዉ ብዙ ነው፣ ጸሐፊው ደግሞ ከወረቀቱ ቀና አይልም። ስለዚህ ጎረቤት ለጎረቤት «አለ» ማለት ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ልማድ ነበር።

እኔና ጓደኛዬም ተራ ገባን። የቤት ቁጥራችን ተከታታይ ነው። አንድ እሁድ እኔ ሄጄ ለሁለታችንም «አለ» እላለሁ፣ በሚቀጥለው እሱ ይሄዳል። የእኔን ቁጥር ሲመልስ ድምፁን እንደ ሴት ያቀጥነው እንደነበር አጠገቡ የሚቀመጡ ሰዎች እየሳቁ ነግረውኛል። ብጠይቀው ካደ።

እኔ የማርፍበትን እሁድ ለጥናት አደረግሁት። ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ ባህር ዛፍ ውስጥ ገብቼ፣ ጀርባዬን ለግንድ ሰጥቼ ሒሳብ እሠራለሁ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና አንድ ጊዜ ወድቄ ነበር፤ ሁለተኛ ብወድቅ ዕድሜ ልኬን መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ ስምግ እንደምቀር እርግጠኛ ነበርኩ። እሱ ደግሞ በተራው እሁድ ከተማው ዳር ወዳለው ሳንሱሲ ሰፈር ይሄዳል።

ሳንሱሲ አንዲት ልጅ ነበረችው። የማኅበራቸውን ወንበር ሊያደርስ ሄዶ ነው የተዋወቃት። ስፌት ቤት ትሠራለች፤ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ትኖራለች፣ ወንድሟም ጥብቅ ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ናት። ያላት ጊዜ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እስከ ምሳ ድረስ ያለችው ብቻ ናት። ለዚያች ጊዜ ነው ጓደኛዬ ከኮልፌ ተነሥቶ፣ ጫማውን አጽድቶ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሩ የሚሄደው። አብረው የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ዳር ዳር ይዘው ይሄዳሉ፤ ከቤቷ አቅራቢያ ሲደርሱ ይለያያሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከሰዓት በኋላ ዳማ ስንጫወት እሷ ያለችውን ይነግረኛል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ከሆነ ብዙ ነው። ግን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ የሚታየውን አውቀው ነበር፤ አላየሁም ማለት አልችልም።

የጥምቀት ሰሞን ፈተናው ቀረበና ፕሮግራሜ አልበቃኝ አለ። ሳልደብቅ ልናገር፣ እኔ ነኝ ነገሩን ያነሣሁት። ዳማውን ደርድረን ሳለ ሁሉም እሁድ ጠዋት የእኔ ቢሆን እስከ ፈተናው ሒሳቡን ሁሉ እንደምጨርስ አወራሁት። ስጠኝ አላልኩትም። ዝም ብዬ ምኞቴን እንደምናገር ሰው ነው ያወራሁት፣ እሱ ግን ሰማኝ። ጥቂት አሰበና እስከ ፋሲካ ድረስ እሱ ስብሰባውን እንደሚይዝልኝ ነገረኝ። ልጅቱን ምን እንደሚላት ብጠይቀው፣ መጪው ሁዳዴ ስለሆነ እንዲያውም ይመቻል፣ እስከ ፋሲካ ጠብቂኝ፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ እላታለሁ አለኝ። አንድ እሁድ ሄዶ ይህንኑ ነግሯት መጣ። እሺ ብላለች አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሳንሱሲ አልሄደም።

እኔ ምስጋናዬን አቅርቤ በፕሮግራሜ ላይ የእሁድን ጠዋት ረድፍ በቀይ «ሒሳብ» ብዬ ሞላሁት።

ከፋሲካ ሦስት ሳምንት በፊት በነበረው እሁድ ከባህር ዛፉ ስመለስ ጎረቤታችን የነበሩት እናት ደጃፌ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። «ልጄ፣ ወንድምህን ይዘውታል። ብርድ ልብስና ሹራብ አምጣልኝ ብሏል» አሉኝ። በዚያን ጊዜ ተያዘ የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ሁለቱንም ይዤ እየሮጥኩ ወደ አዳራሹ ሄድኩ።

ነገሩ ግን እስር አልነበረም። ያን ዕለት ከበላይ የመጣ አንድ ጓድ ስብሰባውን መርቷል። በምዕራብ በኩል ለሠፋሪዎች ክረምቱ ሳይገባ ጎጆ መሠራት አለበት፣ ከዚህ ቀበሌ ስምንት ሰው ለሁለት ወር ይዘምታል ብሎ ከመዝገቡ ላይ ቁጥር መረጠ። ከተመረጡት አንዱ የእኔ ቁጥር ነበር። ጓደኛዬ ገና በጥሪው ጊዜ «አለ» ብሎበታል። የተጠራው ቤት ይነሣ ሲባል ዝም ቢል፣ ማን ነው አለ ያለው መባሉ አይቀርም፤ እኔም ከዘመቻ የሸሸ ተብዬ እፈለጋለሁ። ተነሣ። ሊቀ መንበሩ ሁለታችንንም በመልክ የሚያውቁ የሰፈራችን ሰው ናቸው። አዩት፣ አቀርቅረው ወረቀት አገላበጡ። እንዳይጠፉ ተብሎ ስምንቱም ማለዳ መኪና እስኪመጣ ድረስ ከአዳራሹ ግቢ እንዳይወጡ ተደረጉ።

በአጥሩ ቆርቆሮ ክፍተት በኩል ነው ያገኘሁት። ብርድ ልብሱንና ሹራቡን አቀበልኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ጊዜ በልቤ ደጋግሜዋለሁ። በሩ ከእኔ አስር እርምጃ ነበር። ገብቼ ይህ ቁጥር የእኔ ነው ማለት እችል ነበር። ምናልባት ሁለታችንም እንቀጣ ነበር፣ ምናልባትም ተቆጥተው ይለውጡን ነበር፤ አላውቅም። አልሞከርኩም። ፈተናው አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ይህን ነበር የማስበው። እሱም ያየብኝ መሰለኝ።

«አንተ ፈተናህን ተፈተን» አለኝ። «አናጢ ለሚፈልጉት ሥራ አናጢ ነው የሄደው፣ ምንም አይደል። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ሳንሱሲ ሂድና ንገራት። በፋሲካ አልደርስም፣ ግንቦት ሲያልቅ እመጣለሁ በላት። ትጠብቀኝ።»

እሄዳለሁ አልኩት። በሚቀጥለው እሁድ እሄዳለሁ አልኩት። ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ በር በስተግራ ሦስተኛው አጥር መሆኑን፣ በሩ አረንጓዴ መሆኑን፣ በወንድሟ ፊት እንዳላወራ ነገረኝ። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

በሚቀጥለው እሁድ አልሄድኩም። ለዚያ እሁድ ምክንያት ነበረኝ፤ የእሱ ቁጥር ቀሪ እንዳይባል ስብሰባ ሄጄ ለእሱ «አለ» ማለት ነበረብኝ። የእኔ ቁጥር አጠገብ ጸሐፊው «ዘመቻ ላይ» ብሎ ጽፎበታል። አዳራሹ ውስጥ እኔ እሱን ሆኜ ተቀምጫለሁ፣ እሱ በረሃ እኔን ሆኖ እንጨት ይሸከማል። ስብሰባው በስምንት ሰዓት አለቀ፤ የቅዳሴ መልሷ ሰዓት አልፏል አልኩ። በሥራ ቀን ማታ ከስፌት ቤት ስትወጣ ልፈልጋት እችል ነበር፤ ነገር ግን ትምህርት ነበረኝ። የሆሳዕና ዕለትም እንዲሁ ሆነ። የፋሲካ ዕለት ዘመድ ጋ ሄድኩ። ከዚያ ፈተናው ሁለት ሳምንት ብቻ ቀረውና ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። በፕሮግራሜ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሳንሱሲ፦ ከፈተና በኋላ» ብዬ ጻፍኩ። መጻፌ እንደ መሄድ ሆኖ ተሰማኝ፤ ከጻፍኩት በኋላ ሐሳቡ ከላዬ ወረደልኝ።

ተፈተንኩ። ፈተናው ባለቀ እሁድ ተኝቼ ዋልኩ። በቀጣዩ እሁድ ሄድኩ።

አጥሩንም በሩንም ሳልቸገር አገኘሁት። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ ጠበቅኋት። አይቻት አላውቅም ነበር፤ ግን ከተነገረኝ ለየኋት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትሄድ መሬት መሬት የምታይ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። መልእክቱን አንድም ቃል ሳላጎድል ተናገርኩ፣ በደንብ አጥንቼው ነበርና።

«በፋሲካ ማግስት ሽማግሌ መጣ» አለችኝ። «የሌላ ሰው ሽማግሌ። ወንድሜ ማንን ነው የምትጠብቂው ሲለኝ የምመልስለት አጣሁ። የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ቃል ተሰጠ።»

ቃል ሊመለስ ይችል እንደሆነ ጠየቅሁ። እሷ ግን እሱ መቼ እንደሄደ ጠየቀችኝ። በሁዳዴ፣ ከፋሲካ ሦስት ሳምንት በፊት አልኳት።

«አንተ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?»

ፈተና እንደነበረብኝ ነገርኳት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና «አለፍክ?» አለችኝ። ውጤቱ ገና እንዳልመጣ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ አረንጓዴውን በር ገፍታ ገባች። ከዚያ እስከ ኮልፌ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም፤ ፀሐይ እንደነበረ ብቻ አስታውሳለሁ።

ጓደኛዬ ሰኔ መግቢያ ላይ መጣ። ወባ ይዞት ከርሟል፤ ሱሪው ወገቡ ላይ በገመድ ታስሯል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። አንጀቴን በላኝ። ገና ቁጭ እንዳለ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ፈተናው ነው። ሳይከብደኝ አልቀረም አልኩት። ቀጥሎ ስለ እሷ ጠየቀኝ። ታጭታለች አልኩት። የያዘውን የውሃ ጣሳ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«መቼ ነው የሄድከው?» አለኝ።

«አንተ በሄድክ በሳምንቱ» አልኩት።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት። አልተዘጋጀሁበትም ነበር፣ ከአፌ ወጣ። እሱ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ደክሞኛል፣ ልተኛ አለኝ። በግድግዳው በኩል ሲያስል እየሰማሁ አደርኩ።

በነሐሴ ውጤት መጣ፤ አለፍኩ። ከመዝገብ ቤት ወጥቼ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወርኩ፣ የማታ ኮሌጅ ገባሁ፣ አዲስ ፕሮግራም በአዲስ ወረቀት ሠራሁ። ጓደኛዬ ደህና ሲሆን ወደ ማኅበሩ ተመለሰ። እሁድ ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ዳማችንን ቀጠልን። ስለ ሳንሱሲ ዳግም አላነሣም። እኔም ሰውየው ጠንካራ ነው፣ ረስቶታል ብዬ ደመደምኩ። በተራው ስብሰባ ሄዶ ለእኔ «አለ» ማለቱን እንኳ አልተወም። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል፤ እሱንም የነገሩኝ አጠገቡ የሚቀመጡት ሰዎች ናቸው። የእኔን ቁጥር ሲመልስ ድምፁን ማቅጠን ትቷል።

አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ስብሰባውም እየሳሳ መጣ፤ ሰው መቅረት ጀመረ፣ ጸሐፊውም መጥራት ሰለቸው። እኔ እጮኛ ያዝኩና ሠርጌ ተቆረጠ። አንደኛ ሚዜዬ ማን እንደሚሆን ማንም አልጠየቀኝም፣ የሚጠየቅ አልነበረምና። እሱ እስከዚያ ቀን አላገባም። ልለምነው ባሰብኩበት እሁድ ቆርኪዎቹ ተደርድረው ሳለ አፌን ከፈትኩና መናገር አቃተኝ። ሚዜ ማለት ከጎንህ ቆሞ ሰው ሁሉ የሚያየው ሰው ነው። እኔ ደግሞ ይህን ሰው ከሙሽራው ጎን ሳስበው የሚታየኝ በአጥር ክፍተት ብርድ ልብስ ሲቀበለኝ ነው።

«ዋሽቼሃለሁ» አልኩት። «ያን ጊዜ ሳንሱሲ በሳምንቱ አልሄድኩም። የሄድኩት ከፈተናው በኋላ ነው። ቃል ከተሰጠ በኋላ ነው የደረስኩት።»

ጣቱ ቆርኪ ላይ ነበር፣ አላነሣውም።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ከመጣሁ በሳምንቱ ሄጄ ነበር። እሷው ነገረችኝ።»

ለምን ዝም እንዳለኝ ጠየቅሁት።

«አንተ እስክትነግረኝ ነዋ» አለ። ቆርኪውን ገፋ አደረገና መልሶ ወደ ቦታው አመጣው። «መጀመሪያ መጀመሪያ ተቀይሜህ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል። ፊትህን ማየት ይቀፈኝ ነበር። መቼም ዛሬስ ታውቅብኛለህ እያልኩ እቀመጥ ነበር።»

ሁለት ዓመት። በየእሁዱ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቂሙን ይዞ ሲያጫውተኝ አንድ ቀን እንኳ ምን ሆነሃል ብዬ አልጠየቅሁትም። በዘጠኝ እመጣለሁ፣ በአስራ አንድ እነሣለሁ፤ በመካከሉ የማየው ገበታውንና ሰዓቴን ነው። መዋሸቴን ለአምስት ዓመት ስፈራው ኖሬያለሁ፣ ይኸኛውን ግን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። አለቀስኩ። እሱ ቀና ብሎ አላየኝም፤ እንዲያ ስሆን ማየት የማይወድ ሰው ነው።

ቆይቶ «ሚዜ ልትለኝ አይደል የመጣኸው?» አለኝ። አዎ አልኩ። ሱፍ የለኝም አለ። እናሰፋለን አልኩት። እሺ አለ።

አስራ አንድ ሰዓት ሆነ። ልማድ ነውና ዓይኔ ወደ ክንዴ ሄደ፤ እሱም አየኝ። ማታ ለፈተና የማነበው ነበረኝ፣ ከእጮኛዬ ቤተሰቦች ጋርም ቀጠሮ ነበረኝ፤ ሁለቱም በቀይ ተጽፈዋል።

«አልሄድም» አልኩት።

ጥቂት አየኝ። «እንግዲያ ደርድር» አለኝ፣ እና ቆርኪዎቹን ወደ እኔ ገፋቸው።